ከሳቁ በፊት

…ደግሞም ወንድምሽ አስናቀው ቀልዶቹን ሲያነብ ሰው ወዲያው አይስቅም ነበር። መጀመሪያ ወደ በሩ ያያል፣ ከዚያ አፉን በጋቢው ይሸፍናል። እህቴ አየሁሽ፣ ይህን ከእኛ ከቢቸናዎች ሌላ ማን ያስታውሳል?

ስለ አስናቀው የተሠራውን ዘጋቢ ፊልም ዛሬ ከሰዓት እዚህ ሞጣ አየሁት። አንድ ሰዓት ሙሉ ምሁራን «ደፋር የስላቅ ጸሐፊ ነበር» ይላሉ፤ የሚስቁ ሰዎች ይታያሉ። እሱ አፉን ሲከፍት ግን ሙዚቃ ይለቁበታል። ለፊልም ሠሪዎቹ ከሰጠሽው የድምፁ ካሴት አንዲት ቀልድ እንኳ አልሰማሁም። ፈርተው ይሆናል። እኔም ካሜራው ፊት «ተጫዋች ነበር» ከማለት አላለፍኩም፤ እሷን ቃል ግን አልቆረጧትም።

አጠገቤ የነበሩ አሮጊት «ልጄ፣ ምን ብሎ ነው እንዲህ የሚያስቃቸው?» አሉኝ። ባለሥልጣኑ መርቀው የከፈቱት ቧንቧ ጠብ አልል ሲል አስናቀው ያለውን በጆሯቸው ነገርኳቸው፦ «ውኃው ስብሰባ ገብቷል፤ ሲወጣ ይመጣል።»

ወደ በሩ አዩ። ከዚያ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ።

ቅዳሜ ቢቸና ላይ ሲያሳዩት እናትሽን ይዘሽ እንዳትሄጂ። እሳቸው የሚጠብቁት የልጃቸውን ድምፅ ነው፤ ድምፁ የለም። ይህም ፖስት ካርድ ሞላብኝ። ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፣ ልጆችሽንም አደራ።

በጠርዙ ልጨምር፦ አሮጊቷ ገና ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ከኋላችን አንድ ሰው ተነሥቶ ወጣ። በሩ ተዘጋ።