ለልጄ የታዘዘው ቅባትና በግቢዬ በር ላይ የተቀባው ቀይ ቀለም

ቀን፦ ጁን 10 ቀን 2019

ለበንደር ጎብ ከተማ ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ለክቡር አቶ ማሀድ ዒጌ
በንደር ጎብ

አመልካች፦ ሮብሌ ዋርሰሜ ጉሌድ፣ የአሮጌው ወደብ ሰፈር ነዋሪ፣ የቀድሞ የበግ ደላላ

ጉዳዩ፦ በግቢዬ በር ላይ ያለ አግባብ የተቀባው ቀይ ምልክት እስከ መጪው ሐሙስ፣ በቀባው ሰው እጅ እንዲነሳልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ ዒድ እንዴት አለፈልዎ እላለሁ። የእኔ እንዴት እንዳለፈ ከዚህ በታች አመለክታለሁ። ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ወደብ ላይ የመርከብ ስም እያየሁ ስለሆነ መስመሩ ቢወላገድ ይታለፍልኝ። ፍርድ ቤቱ ጥላ ሥር የሚቀመጡት ጸሐፊዎች እንደ አጎት አክብረው "አዴር፣ ያምጡት፣ እኛ እናሳምርልዎ" ብለውኝ ነበር። የራሴን በር ጉዳይ በሰው እጅ አላሳምርም ብያቸዋለሁ።

1. ባለቤቴ ዳሃቦ ካረፈች ወዲህ ከመጨረሻ ልጄ ከኢዲል ጋር እኖራለሁ። ኢዲል ብጉር የበላት ልጅ ነበረች። ሁሉም ወጣት ላይ የሚወጣ ዓይነት እንዳይመስልዎ፤ ግንባሯም ጉንጯም አገጯም አንድ ላይ ነበር። ገበያ ስትወጣ ሻሿን እስከ ዓይኗ ስባ ነው፤ ሰው ሲያናግራት ግድግዳ እያየች ነው የምትመልሰው። ስለዚህ ከረመዳን በፊት ወደ ቆዳ ሐኪሟ ወደ ዶክተር ሂበቅ ወሰድኳት። ሐኪሟ ማዘዣ ጽፋ አውራ ጣት የምታህል ቱቦ ተሰጠን። "ማታ ማታ፣ ፊትሽ ታጥቦ ሲደርቅ፣ የምስር ፍሬ ታህል ብቻ። ቀን ከፀሐይ ሽሺ" ብላ አስጠነቀቀቻት። እኔም ቆሜ ሰምቻለሁ።

2. ቅባቱ በመጀመሪያ አባሰባት። ፊቷ ቀላ፣ ተላጠ፣ አዲስ ብጉር ጨመረ። ሄጄ ሐኪሟ ላይ ጮህኩ። "አባቴ፣ መጀመሪያ ይብሳል፣ ከዚያ ይሻላል" አለችኝ። "እኔ ለጂዳ ነጋዴ 'ይህ በግ መጀመሪያ ይከሳል፣ ከዚያ ይወፍራል' ብል ባሕር ውስጥ ይወረውረኝ ነበር" አልኳት። ሳቀችና "እኔ በግ አልሸጥኩልዎትም፤ ይታገሡ" አለች። እኔ አልታገሥኩም፣ ኢዲል ታገሠች። ረመዳን ሲጋመስ ፊቷ መጥራት ጀመረ። ሻሿን ወደ ኋላ ጥላ ገበያ ብትወጣ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቃት ዓሣ ሻጭ "አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ?" አላት። ቤት ገብታ ይህን ስትነግረኝ አሳሳቋ የእናቷ ነበር። ይህ ለጉዳዩ አያስፈልግም ይባል ይሆናል። ለእኔ ያስፈልጋል።

3. በግቢዬ የቁርቁራ ዛፍ አለ። ዳሃቦ ቅጠሉን አድርቃ፣ ወቅጣ፣ ቀሲል የምንለውን ዱቄት በትልቅ ገበቴ በጥብጣ በሩ አጠገብ ታስቀምጥ ነበር። የሰፈሩ ሴት ሁሉ እየገባች እየዛቀች ፊቷን ትቀባለች፤ እንደተቀባችም እስኪደርቅ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብላ ታወራለች። ዳሃቦ ከሞተች ወዲህ ሰዎች "አሁንስ ይበቃል፣ ሚስቱ በሞተችበት ወንድ ቤት" ብለውኝ ነበር። ገበቴው አንድም ዓመት ከቦታው አልተነሳም። ቅጠሉን የምወቅጠው እኔ ነኝ።

4. ዒድ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሴቶቹ ሲሰበሰቡ የኢዲልን ፊት አዩ። ካልቱን የምትባለው ጎረቤቴ "እኛ ቅጠል ስንቀባ አንቺ ምን ደብቀሽ ነው?" አለቻት። ኢዲል ቱቦውን አሳየች። "ሐኪሟ ለአንቺ ብቻ ብላኛለች" ብትልም ካልቱን "የዳሃቦ ልጅ 'ለእኔ ብቻ' ማለት የተማረችው ከወዴት ነው?" አለች። ይህ ቃል ለእኔ ነው የተወረወረው። ስለዚህ "ገበቴው ውስጥ ጭመቂው" ብዬ ያዘዝኩ እኔ ነኝ፤ በእናቷ ገበቴ ላይ ልጄ ስስታም ተብላ አትጠራም። አልበቃ ሲል ሴቶቹ ባዶውን ቱቦ እየተዋዋሱ ፋርማሲ ሄዱ። ፋርማሲውም ማዘዣ ሳይጠይቅ ቱቦውን እያየ ሰጠ። ይህን የሚቆጣጠረው ጽሕፈት ቤት የትኛው እንደሆነ ክቡርነትዎ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ።

5. ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት ይቻላል። ቅባቱን እንደ ቀሲል አወፍረው ለቀለቁት፤ እንደ ቀሲልም ፀሐይ ላይ ቁጭ አሉበት። በዚህ ወር ያለው የበንደር ጎብ ፀሐይ ደግሞ ቅባት የሌለበትንም አይምርም። የካልቱን ጉንጭ እንደ ተቀቀለ ድንች ተላጠ። እህቷ ሻሚስ ከንፈሯ ተሰንጥቆ በዒድ ቀን ሻይዋን በማንኪያ ጠጣች። ሌላዋ ጎረቤቴ በርኒ፣ ብጉር የሚባል ወጥቶባት አያውቅም፤ "ታዲያ ምን ሆነሽ ቀባሽው?" ብትባል "እንዳይመጣ ነዋ" አለች። አሮጊቷ አርደን ግን ጉልበቷን ቀብታ "ቁርጥማቱ ለቀቀኝ" እያለች እስከ ዛሬ ሐኪሟን ትመርቃለች። እያንዳንዷ ስለ ቅባቱ የየራሷን ስትናገር ሌላዋ ውሸት ነው ትላለች። በአንድ ነገር ብቻ ተስማሙ፦ ከሮብሌ ቤት ነው የመጣው።

6. የጽሕፈት ቤትዎ ተቆጣጣሪ አቶ ሀይቤ በዒድ ማግስት አፉን ሸፍኖ መጣ። ከመኪናው ሳይወርድ "ተላላፊው በሽታ የጀመረው የት ነው?" ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ወደ እኔ በር ጠቆመ። "ልጄ፣ በሽታ አይደለም፣ ቅባት ነው። ግባ፣ ገበቴውን እይ" አልኩት። "አዴር፣ ገብቼ ልያዝ?" አለኝ። ያን ጊዜ ወርዶ በሩ ላይ ቀይ መስመር አሰመረ። ቀለሙ ከየት እንደመጣ አውቄዋለሁ። ከወደቡ የእንስሳት ማቆያ ነው። እዚያ የታመመ በግ መርከብ እንዳይሳፈር ጀርባው ላይ የሚቀባው ቀለም ነው። እኔ ዕድሜዬን በግን ከዚያ ቀለም ስጠብቅ ኖሬ በስተርጅና የራሴ በር ተቀባ።

7. በዚህ ከተማ ያ ቀለም ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ባለፈው ሐሙስ ሽማግሌው ዱዓሌ ኢዲልን ለልጁ ሊጠይቅ ከወንድሞቹ ጋር መጣ። ሩዙ በስሎ፣ ፍየሉ ታርዶ፣ ምንጣፉ ተነጥፎ ነበር። ዱዓሌ በሩን አየና ቆመ። "ሮብሌ፣ እኔና አንተ አንድ ወደብ ላይ ነው ያረጀነው። ቀይ ያለበትን ገዝተን እናውቃለን?" አለኝ። "በሩን እንጂ ልጄን አላየህም" አልኩት። "ይነሳና እናያለን። የሚመጣው ሳምንት ዓርብ ሙቀቱን ሸሽተን ወደ ደጋው እንወጣለን። እስከ ሐሙስ ከተነሳ እንመጣለን፤ ካልተነሳ ልጁ ሌላም የታሰበለት አለ" ብሎ ሄደ። ኢዲል ከበሩ ጀርባ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ማታ ፊቷን ሳትቀባ ቁጭ ብላ "አባ፣ ብጉሩ ፊቴ ላይ እያለ የሚሸሸኝ ሰው ቢያንስ አይቶኝ ነበር የሚሸሸኝ" አለችኝ። የዚህ መልስ ያለው በእርስዎ ጽሕፈት ቤት ነው ብዬ ይህን ጻፍኩ።

8. ሳላመለክት ዝም አላልኩም። ዶክተር ሂበቅ በሽታው ተላላፊ እንዳልሆነ፣ ሁሉም በቅባቱ አጠቃቀም የመጣ መሆኑን ጽፋና ማኅተም መትታ ሰጥታኛለች፤ ተያይዟል። ይዤው ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ብሄድ "የቀባው ሰው ዕረፍት ላይ ነው፣ የሱን ቀለም ሌላ ሰው አያነሳም" ተባልኩ። ማዘጋጃ ቤት ብሄድ "እኛ አልቀባን፣ ምን ብለን እናጠፋለን?" አሉኝ። ማቆያው ዘንድ ብሄድ መዝጋቢው ልጅ መዝገብ ገልጦ "አዴር፣ ይቅርታ፣ በርዎ በእኛ የበግ መዝገብ ውስጥ የለም" አለኝ። ይህ ከሁሉም የተሻለው መልስ ነበር።

ጋዝ ነክሬ በጨርቅ ፍቄ ማጥፋት የማልችል ሽማግሌ ሆኜ አይደለም። እኔ ካጠፋሁት "ሮብሌ በሽታውን ደበቀ" ይባላል፤ ምልክቱ ከበሩ ላይ ወርዶ ልጄ ላይ ይቀራል። ቀትር ላይ ሰው እያየ የተቀባ ቀትር ላይ ሰው እያየ መጥፋት አለበት።

ስለዚህ በአክብሮት የምጠይቀው፦

ሀ. አቶ ሀይቤ ከዕረፍቱ ተጠርቶ እስከ ሐሙስ ቀትር ድረስ በራሱ እጅ ምልክቱን እንዲያጠፋና በሽታ እንዳልነበረ ጮክ ብሎ ለሰፈሩ እንዲናገር። አፉን ሳይሸፍን።

ለ. ፋርማሲው ባዶ ቱቦ እያየ መሸጡን እንዲያቆም።

ሐ. ምልክቱ ሕጋዊ ነው፣ አይነሳም የሚባል ከሆነ ደግሞ ሕጉ ለሁሉም እኩል እንዲሆንልኝ። ከገበቴው የዛቀች ሴት ያለችበት በር ሁሉ ይቀባ። የካልቱን በር፣ የሻሚስ በር፣ የበርኒ በር አለ። የአቶ ሀይቤ በርም አለ፤ ባለቤቱ ሁለት ጊዜ መጥታለች፣ ፊቷን ተሸፋፍና የዋለችው ለዒድ ሥነ ሥርዓት ብቻ አይደለም። ከእነዚህ ሌላ አንድ አረንጓዴ በር አለ፣ በአጥሩ ላይ የሎሚ ዛፍ የተንጠለጠለበት። እመቤቲቱ የራሷን ሳህንና ማንኪያ ይዛ ነው የመጣችው፤ የሰው ገበቴ ላይ እጇን አታስገባም፣ ጨዋ ናት። የዚያን በር ባለቤት ስም በጽሑፍ አላሰፍርም። ክቡርነትዎ በየማታው ስለሚገቡበት ያውቁታል።

ሐሙስ ቀትር ላይ ከበሩ አጠገብ ወንበር አውጥቼ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

ሮብሌ ዋርሰሜ ጉሌድ
(ፊርማ)

ተጨማሪ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ኢዲል አንብባው "አባ፣ የመጨረሻውን ሰርዘው" አለችኝ። አልሰርዝም ብያለሁ። "እንግዲያው ይህንን ጨምርልኝ" አለችና ጨምሬአለሁ፦ ለአረንጓዴው በር እመቤት፣ ለጥቂት ጊዜ ምንም አይቀቡ፣ ፊትዎ ይረፍ፤ ከፀሐይ ይሸሹ። ከዚያም ወደ ዶክተር ሂበቅ ይሂዱ። ካዘዘችልዎት ማታ ነው፣ ፊት ሲደርቅ፣ የምስር ፍሬ ታህል ብቻ። መጀመሪያ ይብሳል፣ ከዚያ ይሻላል።