ሰው ሳይገድል ስለታሰረው ብስክሌት

ለተከበሩ ጋሼ አበጀ፣
በጄኔቭ፣ ቬርኒየ የመረዳጃ ማኅበራችን ሊቀ መንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለመላ አካላትዎ፣ በተለይም ለግራ እግርዎ አውራ ጣት ጤና እመኛለሁ። ቀጥዬም በተሰበረ ልብ እናዘዛለሁ፦ እርስዎ ላይ ፎቅ ስብሰባ ሲመሩ የካቩን፣ ማለትም የምድር ቤቱን ማከማቻ ቁልፍ ከተሰቀለው ኮትዎ ኪስ ሳላስፈቅድ ተውሻለሁ። ይህንንም ለማኅበሩ የቴሌግራም ቡድን የምጽፈው ከታሳሪው አጠገብ ቆሜ ነው። ታሳሪው የወንድሜ የኪሩ ብስክሌት ነው።

1ኛ. እሑድ ዕለት ብስክሌቱን ከአዳራሹ በር ገፍቶ እግርዎ ላይ የጣለው ቢዝ፣ ያ ክፉ የሰሜን ነፋስ እንደሆነ ሁሉም አይቷል። ነፋሱን ማሰር ስላልተመቸዎ ብስክሌቱን አሰሩ። ትጋትዎን እናመሰግናለን።

2ኛ. እናታችን በሽምግልና ይለቀቅልን ብላ ብትለምንዎ፣ ከፕላንፓሌ አሮጌ ዕቃ ገበያ የገዙትን የእንግሊዝ ሕግ መዝገበ ቃላት ገልጠው «ዲዮዳንድ! ጉዳት ያደረሰ ዕቃ ለንጉሡ ይወረሳል» ብለው ፈረዱ። ጄኔቭ ንጉሥ ስለሌላት ቦታውን ራስዎ በትሕትና መሸፈንዎ ልብ ይነካል።

3ኛ. ኪሩ ነገ ዙሪክ፣ አልትሽቴተን፣ ትራሞች በሚያድሩበት ግቢ የሙያ ሥልጠና ይጀምራል። ትራም አጥቦ የሚያስወጣ ሰው በትራም ሥራ ሊገባ አይችልም፤ እሱ ሳይደርስ ትራም የለማ! አለቃው ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ያረፈደ ሁለተኛ ቀን እንደሌለው ነግሮታል። እሱንና ብስክሌቱን የሚወስደው የዙሪክ ባቡር ሊሄድ ነው፤ ወንድሜ ሻንጣውን ይዞ ውጭ ብርድ ላይ ቆሟል። እኔ በሩን ብከፍትም፣ ብስክሌቱን ከቧንቧው ጋር ያቆራኙበት ሰንሰለት ለካ ሌላ ቁልፍ አለው። ጥንቃቄዎን በሰፊው እንዳላደንቅ ጊዜ አጠረኝ።

4ኛ. መዝገበ ቃላትዎን እዚሁ መደርደሪያ ላይ አገኘሁት። እርስዎ ካቆሙበት መስመር ቀጥዬ አንድ መስመር አነበብኩ፤ የልጅነት ችኩልነቴን ይቅር ይበሉኝ። ዕቃው የሚወረሰው ሰው ከገደለ ነው ይላል። እንግሊዞች ራሳቸውም ሕጉን ከሻሩት ዘመናት አልፈዋል። ስለዚህ ወይ ብስክሌቱ ይፈታ፣ ወይ ሕጉ ይሟላ። ሁለተኛውን እግዜር አያምጣው።

በፍትሕዎ ጥላ ሥር በብርድ የምንቀጠቀጥ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣዎ፣

ዮዳሄ
የታሳሪው ጠበቃ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከደረጃው ላይ «ዮዳሄ! አንቺ ዮዳሄ! ቁልፌን!» የሚል ድምፅ ሕንፃውን እያናወጠ ይመጣል። ለመላው ማኅበርተኛ በደስታ አበስራለሁ፦ ሟች በሕይወት አሉ። ጋሼ፣ የሰንሰለቱን ቁልፍ ይዘው ይውረዱ።