የሚያኦ አወዳደቅ

ዘጠኝ ጉድጓድ መንደር
የዝንጀሮው ዓመት፣ በጨረቃ ዐሥረኛው ወር፣ የመጀመሪያው ውርጭ በወረደ ማግስት

ለናፈቅከኝ ልጄ ለዋንሊ፤

እንደምን ከርመሃል? የጃፓን ብርድ እንዴት ይዞሃል? የላክልኝን ሹራብ ለብሼው ነው ይህን የምጽፍልህ። እጅጌው ረዝሞብኝ እህትህ ሱፒን አጠፈችልኝ። ያሳደገህን ክንድ ልክ ረሳኸው ማለት ነው! ምን ይደረግ፣ ሚስት ብታገባ ኖሮ እሷ ትለካልህ ነበር። አልኩ እንግዲህ፤ ሌላ አልጨምርም።

አሁን ቁጭ ብለህ አንብብ። ባለፈው ስትደውል ሱፒን «ሁሉም ሰላም ነው» ያለችህ እኔ ጎኗን ቆንጥጫት ነው። ስልኩ ያለው ሱቅ ውስጥ እንደሆነ ታውቃለህ፤ እዚያ አንድ ቃል ከተነፈስክ ሳይመሽ አገር ያወራዋል። አባትህ ታሞ ነበር። ነበር ነው ያልኩህ! አሁን ይበላል፣ ይተኛል፣ ይነጫነጫል። እንዳትደነግጥ ብዬ መጨረሻውን አስቀደምኩልህ፤ የሆነውን ደግሞ ከስሩ ላውጋህ።

እዚህ መንደራችን የተቀረጸው የጃፓን ጦርነት ፊልም ዘንድሮ አርባ ዓመት ሞላው። አንተ ከሄድክ ወዲህ መንደራችን መንደር መሆኗ ቀርቶ ፊልም ሆናለች። የጎብኚ አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ያ የድሮ ድምፅ ማጉያ ዘፈኑን ይለቅብናል። ልብስ የማጥብበትን ጉድጓድ አጥረው መግቢያ ያስከፍሉበታል። ባለሱቁ በቆርቆሮ ኮዳ ላይ «ውሃው የእኛ ነው፤ ጠጥታችሁ አትጠግቡትም!» የሚለውን የአዛዡን ንግግር አጽፎ ይቸበችባል። ከከተማ የሚመጡት ወጣቶች እንኳ በቃላቸው ይወጡታል። ሰርግ ላይ አረቄ ሲቀዳ እሱው ነው፣ ቧንቧ ሲበላሽ እሱው ነው። ባለፈው ስለ ሾርባ ጨው ስንከራከር የሱፒን አማት ያንኑ ንግግር ጎትታ አምጥታ አፌን አዘጋችኝ። እኔም ፊልሙን እወደዋለሁ፣ አልዋሽህም። አዛዡ የቆሰለውን ልጅ ከጉድጓድ ሲያወጣው ዛሬም ድረስ አለቅሳለሁ።

ግን አንተ ለምን እንደምትጠላው አውቃለሁ። አባትህ በዚያ ፊልም ላይ አንዴ ለማዛጋት ያህል ነው የሚታየው። ጎረቤታችን አጎትህ ሁ የሚሊሺያ ፎጣውን ራሱ ላይ ጠምጥሞ ከጉድጓድ ብቅ ይላል፣ ይተኩሳል፤ አባትህ በጃፓን ወታደር ልብስ ኮፍያውን ወደ ላይ ይወረውራል፣ አንዴ ይሽከረከራል፣ ከዚያ በጀርባው ዘርጋ። ይኸው ነው። ምርጫው የእሱ አልነበረም። የፊልሙ ሰዎች ልብሱን ሲያመጡ ያከፋፈለው የመንደሩ የእርሻ ብርጌድ ሊቀመንበር ነው፤ ለደሃ ልጅ የሚሊሺያ፣ ለባላባት ዘር የጠላት። ሁ ጠመንጃ ደረሰው፣ አባትህ ቢጫ ኮፍያ ደረሰው። ያች ኮፍያ መወርወሯን ደግሞ ሰው ሁሉ እንደ ትልቅ ጥበብ ያወራላታል። ልብስ ጠባቂው «ብታቆሽሻት ወየውልህ!» ብሎ አስፈራርቶት፣ አፈር እንዳይነካት ብሎ ነው የወረወራት! ዳይሬክተሩ አይቶ «ግሩም፣ እንዳለ ይሁን» አለ።

ከዚያ ወዲያ በየአውድማው ፊልሙ በታየ ቁጥር ልጆች የአባትህን ስም እየጠሩ «የሚያኦ አወዳደቅ!» እያሉ ይጮኹ ነበር። ጨዋታ ላይ ማንም ጃፓን መሆን ስለማይፈልግ ሁልጊዜ ጃፓን የሚያደርጉት አንተን ነበር። ልብስህ ላይ የጓል አፈር ይዘህ ስትገባ «ወድቄ ነው» ትለኝ ነበር። የማላውቅ መስሎህ ነው? ሆዴ እያወቀ ልብስህን አራግፍልህ ነበር። አሁንም እኮ አልተዉህም። ለመርከብ ብየዳ ስትሄድ ባለሱቁ «የሚያኦ ልጅ የአባቱን ጦር ሊቀላቀል ሄደ» ብሎ አሳቀብህ። አጎትህ ሁ ምን እንዳለው ታውቃለህ? «አባቱን የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ቂም ካለው ከእኔ ጋር ነው፣ አንተን ምን ጥልቅ አደረገህ?»

የሱፒንን ሰርግ አልረሳሁትም። የወንድ ወገኖች አባትህን «አንዴ ውደቅልን!» ብለው ሲለምኑት በአዲሱ ልብሱ መሬት ላይ ተዘረጋ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንተ ግን ተነስተህ «ለእነዚህ ስንት ጊዜ ትሞታለህ? ዕድሜ ልኬን ስትወድቅ እንጂ ስትነሳ አይቼህ አላውቅም!» አልከው። ይሄው ስድስት ዓመት ሆነ፤ ቤትም አልመጣህ፣ በስልክ ላይ ስሙንም አልጠራህ። እኔም ዝም አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ምን ብዬ እመልሰዋለሁ?

አሁን ግን አንድ ነገር ልንገርህ። በዚያ ክፉ ዘመን የባላባት ዘርን ሰርግ የሚጠራ ማን ነበር? ሊቀመንበሩ ሰላምታ የሰጠንን ሰው እንኳ ስብሰባ ላይ ያስነሳው ነበር። አባትህን ግን ይጠሩታል፣ ለአወዳደቁ። ሄዶ ይወድቃል፣ ይስቃሉ፤ ከዚያ ሥጋ ያለበት የእንፋሎት ዳቦ ይሰጡታል። አንድም ሳይቀምስ በኮፍያው ሸፍኖ ያመጣልሃል። «አባዬ፣ ከየት አመጣኸው?» ስትለው «ከሠራዊቱ ስንቅ ነው፣ ዝም ብለህ ብላ» ይልህ ነበር። ትዝ ይልሃል? እኔ አፍሬ «ተው፣ ይበቃል» ስለው፣ «ነውርስ ልጅን አስርቦ ደረት ነፍቶ መሄድ ነው» አለኝ። ለአንተ እንዳልነግር አስምሎኝ ነበር። መሐላዬን አፈረስኩ፤ ይፍረስ!

ወደ ሕመሙ ልመለስ። ለፊልሙ አርባኛ ዓመት በዓል አባትህና ሁ ያንኑ ትዕይንት በሰው ፊት ሊደግሙት ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት አባትህ የመብያ እንጨቶቹ ከግራ እጁ ወደቁበት። «እጄን ደነዘዘኝ» አለ። «እንግዲያው ቅር» ብለው «ሴትዮ፣ አርባ ዓመት የሞትኩ ሰው ዛሬ ብቀር ሰው ምን ይላል?» ብሎ አሾፈብኝና ሄደ። አውድማው ላይ መድረክ ተሠርቷል፣ የአውራጃው ሹማምንት ተደርድረዋል፣ ሰዉ እንደ አሸዋ ነው። አጎትህ ሁ ፎጣውን ጠምጥሞ፣ የእንጨት ቦምቦቹን ወገቡ ላይ ታጥቆ፣ በዚያ በሚያመው ጉልበቱ ከጉድጓድ ወጣ። ተኮሰ። አባትህ አየው፣ ከዚያ ወደ ጎን እጥፍ ብሎ ወደቀ።

ሰዉ አጨበጨበ! «ይደገም! ይደገም!» አለ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ልጄ፤ አፈር ልብላ፣ አጨበጨብኩ።

ሁ ብቻ ጠመንጃውን ወርውሮ «ኮፍያውን አልጣለም!» ብሎ ጮኸ። ሰዉ አዲስ ንግግር የተጨመረ መስሎት ይስቃል። «ኮፍያውን አልጣለም እኮ ነው የምላችሁ፣ እናንተ ደንቆሮዎች! ስገድለው የኖርኩት እኔ ነኝ፣ አወዳደቁን አጣዋለሁ? ይሄ የእሱ አይደለም!» አለና ተንበርክኮ አቀፈው። አቅፎትም አልቀረ፣ በዚያ ጉልበቱ አዝሎት እየሮጠ ወደ ጎብኚዎቹ አውቶቡስ ወሰደው። እኔ ከኋላ ጫማዬ ወልቆ እከተላለሁ። ሹፌሩ እየሳቀ «ጓድ አዛዥ፣ ምርኮኛ ነው?» ሲል የሁን እንባ አየና ሞተሩን አስነሳ።

ሆስፒታል ደግሞ ጉድ ነው የገጠመን። ጥበቃው ሁን «በቦምብ አይገባም፣ መሣሪያህን አስቀምጥ» ብሎ በር ላይ ያዘው። «እንጨት ነው፣ አንተ እንጨት!» ብሎ ትጥቁን ፈትቶ ወረወረለት። ሐኪሟ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ረግቷል አለችን፤ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አናተርፈውም ነበር አለች። አባትህ ዓይኑን ገልጦ መናገር ሲችል መጀመሪያ ያየው ሁን ነው። ምላሱ ተይዞ ነበርና በግድ «በመጨረሻ... መታኸኝ» አለው። ሁ እያለቀሰ ሳቀ፤ ነርሷ ሁለታችንንም አስወጣችን።

ቤት ከገባን በኋላ ግን ክፉ ሰሞን አለፈ። ግራ እግሩ አልታዘዝ አለው። ሐኪሟ በየቀኑ ለመቆም ይሞክር ብትልም እሱ መደቡ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ብለምነው፣ ብቆጣው፣ ወይ ፍንክች! አንድ ጠዋት የማሽላ ሾርባ ይዤለት ብገባ «ዋንሊ እውነቱን ነው» አለኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያንን ቃል ሲያላምጠው ኖሯል ማለት ነው። «ስወድቅ እንጂ ስነሳ አይቶኝ አያውቅም።»

እኔ ነደደኝ። ሾርባውን አስቀምጬ እንዲህ አልኩት፦ «ፊልም የወደቀ ሲነሳ አያሳይም! እኔ ግን እዚያው ነበርኩ። ለፊልም ሰዎቹ ውሃ የምቀዳ ልጃገረድ ነበርኩ። ዳይሬክተሩ 'አሁንም ይደገም' ባለ ቁጥር ስትነሳ፣ ልብስህን ስታራግፍ፣ ኮፍያህን አንስተህ እፍ ስትልባት አይቻለሁ። አገር ሁሉ ሲወድቅ ያየውን ሰው እኔ ሲነሳ አይቼ ነው ያገባሁት። እናቴ 'የባላባት ዘር' ብላ ስትጮህ እንኳ ሰምቻት አላውቅም። አሁን ተኝቼ እቀራለሁ ካልክ ያታለልከው እኔን ነው!»

ፊቱን መልሶ ወደ ግድግዳው አዞረ። በማግስቱ ግን አጎትህ ሁ መጥቶ በሩ ላይ ቆመና «ተነስ፣ አንተ ጃፓን! ዛሬ እጅ መስጠት የለም!» ሲል እግሩን ከመደቡ አወረደ። አሁን በየጠዋቱ እንዲህ ነው፤ አንዱ ይጮሃል፣ አንዱ ይሳደባል፣ እኔ ደጅ ሆኜ እሰማለሁ። መጀመሪያ በሁለታችን ትከሻ ነበር፤ ከዚያ የመደቡን ጠርዝ ይዞ። ትናንት ምንም ሳይዝ ቆመ። አንዴ ለማዛጋት ያህል ብቻ ነው፣ ግን ቆመ ልጄ! ሁ «ምነው ዘንድሮስ አንድም ጥይት አልነካህ» ብሎት ወጥቶ ግድግዳ ሥር አፍንጫውን ጠረገ።

አባትህ ይህን እንዳልጽፍልህ ከልክሎኛል። ለአዲሱ ዓመት ትመጣ እንደሆነ በር ላይ ቆሞ ሊቀበልህ ነው ሐሳቡ። ምስጢር ሆዴ ውስጥ እንደማይውል እያወቀ! አሁን ስጽፍ አይቶ «ለማን ነው?» አለኝ። «ለእህቴ» አልኩት። በዚያ በሚጎተት ምላሱ «እንግዲያው ቲኬቷን ቀደም ብላ ትቁረጥ በያት፤ በዓል ሲደርስ መኪናው ሁሉ ይሞላል። ቀይ ቴምሩንም አድርቄ አስቀምጫለሁ በያት» አለኝ። እህቴ ያለችው ከጉድጓዱ ማዶ ነው፤ ፊደልም አትቆጥር። እሱም ያውቃል።

ስለዚህ ና። ስትመጣ ግን እንዲህ አድርግ፦ ከአውቶቡሱ እንደወረድክ፣ የሁ ግንብ ማእዘን ጋ ስትደርስ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ጥራን፤ ለመነሳት ጊዜ ይፈልጋል። በሩ ላይ ስታየው ቢንገዳገድም ሮጠህ እንዳትደግፈው። እባክህ የእናትህን ቃል ስማ፣ ካለህበት ቁምና ጠብቀው። ይነሳል።

የሄድክበት መንገድ ይቅናህ፣ የምትበይደው ብረት እጅህን አያቃጥልህ፣ የባዕድ እንጀራ አይክበድህ። የዶሮው ዓመት በአንድ ገበታ ዙሪያ ያገናኘን።

ሁልጊዜ የምትናፍቅህ እናትህ፣
ጁሸንግ

አጎትህ ሁ ከጎኔ ቆሞ «የጉልበት መድኃኒት ከጃፓን ያምጣልኝ በይው» ይላል። «ከጠላት እጅ?» ብለው «ጦርነቱ አልቋል» አለኝ።