ለገና ኖራ የቀባሁት ግድግዳ

ልጄ ኩምሳ፣ ባለህበት አገር ክፉ አይይህ፤ ጸሎቴ ከፊትህ ይቅደም። እኛ ቡራዩ ደህና ነን፣ ዋቃ ይመስገን። የጀርመን ብርድ እንዳይመታህ ደራርበህ ልበስ።

በማስተር ፕላኑ ረብሻ የተነሳ ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ሰንብቷል። እህትህ ሄመን ግን ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ፊዚክሱ አይጠብቃትም። ለገና ኖራ የቀባሁትን የሳሎን ግድግዳ «ይኸው ሰሌዳ» ብዬ ሰጠኋት። ከጓደኞቿ ጋር በከሰል እየጻፉ እስከ ጣሪያው አጠቆሩት። ወታደር ይመጣባቸዋል ብለህ አትስጋ፣ እስኪጨርሱ በር ላይ ተቀምጬ የምጠብቀው እኔ ነኝ።

አጎትህ ኦቦ ኦዳ መጥተው አዩት። «በዚህ ፕላን ቤቱ ይፈርሳል እየተባለ ምን ያደክምሻል? ልጅቷን ብትድሪያት አይሻልም?» አሉኝ። «ቤቱም አይፈርስም፣ እሷም አትዳርም!» አልኳቸው። ተቆጥተው ሄዱ፤ ይሂዱ! ፋሲካ ቢመጣም ሄመን ሳትፈተን ያን ግድግዳ ኖራ አላስነካውም።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። ያቃታቸውን ጥያቄ ሄመን ከወረቀቱ ጀርባ ገልብጣዋለች፤ አጀማመሩን ብቻ ጻፍላት። ፈጣሪ ዕድሜህን ያለምልመው። መልሱን ግን እንዳትልክብን፤ እሱን እዚሁ ግድግዳችን ላይ እናገኘዋለን።

እናትህ ተረፈች