ከአምስት መቶ በታች ያለው ድርሻ

መስከረም 26፣ 2014
ማጠናከሪያ ትምህርት። አስራ ሁለተኛ ክፍሎች ፈተናቸው መቼ እንደሆነ እንኳ አያውቁም። ግማሹ ወንበር ባዶ። ሀውራ ብቻ ቀርታ፣ “ቲቸር፣ ከሚሊዮን በታች ትልቁ ብቸኛ ቁጥር ስንት ነው?” አለችኝ። 999,983 አልኳት። ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም። “ማን አየው?” አለች።
እውነቷን ነው... ማን አየው? እኔም ያነበብኩት ነው። ስልኳን ልታወጣ ስትል ከለከልኳት። ስልክ ይነግርሻል እንጂ አያሳይሽም።

መስከረም 29
በእጃችን ልንፈትሸው ነው። እስከ ሺህ ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይበቃል። ከሺህ የሚበልጥ ቢያካፍለው፣ አብሮት የሚባዛው ጥንዱ ከሺህ ማነሱ የግድ ነው። ሥራውን ተከፋፈልን። ከአምስት መቶ በታች የሷ፣ በላይ የኔ። “ወንፈል ነዋ” አለች። የሠራችውን አልደግመውም፣ እሷም የኔን። በወንፈል የጎረቤትን እርሻ ድጋሚ የሚያርስ የለም።
ማታ አባቷን ኢስሃቅን አገኘሁት፣ ከሐይቁ ዓሣ ይዞ ሲመለስ። ሪያድ ያለችው ታላቅ እህቷ ቪዛ ልካላታለች። “ፈተናው ከቀረ ትሂዳ መምህርት። ቁጭ ብላ ምን ትጠብቅ?” ቢደርስ ታልፋለች አልኩት። “ቢደርስ” አለ።

ጥቅምት 11
ሀውራ እየሳቀች መጣች። 999,999 ለ7፣ ለ11፣ ለ13፣ ለ37 ይካፈላል። የኛ ቁጥር ከሱ በ16 ያንሳል። 16 ለአንዳቸውም አይካፈልም፣ ስለዚህ የኛም። አራቱን ባንዴ ተገላገለች። እኔ አልነገርኳትም።
ይቺን ልጅ ነው ሰው ቤት ዕቃ ልታጥብ የሚልኳት?

ጥቅምት 19
ተኩስ ከውጫሌ በኩል። የነኢስሃቅ ቤተሰብ ወደ ባቲ ወጣ። ሀውራ ከመኪናው ላይ፣ “ወረቀቴን ይዣለሁ!” አለችኝ። አላህ ይጠብቃቸው። እናቴ ከአልጋ አትነሳም። እኔ የት እሄዳለሁ?

ጥቅምት 27
ከተማው ተያዘ። መብራት የለም፣ ኔትወርክ የለም። ለ547 ሳካፍለው፣ ቀሪ 67።

ኅዳር 9
ጎረቤቴ ባንቺአየሁ ዱቄት አመጣችልን። “ምንድን ነው የምትጽፊው?” ማካፈል አልኳት። “የሚካፈል ነገር በጠፋበት ዘመን” ብላ ሳቀች።

ኅዳር 18
997፣ ቀሪ 989። ድርሻዬ አለቀ። ግን የሷ ግማሽ ከሌለ ምንም አያረጋግጥም። የሷንም ልሥራው? እርሳሱን አነሳሁና... መልሼ አስቀመጥኩት። የሷን ከሠራሁት፣ አትመለስም ብዬ ቆረጥኩ ማለት ነው። ፈራሁ።

ኅዳር 30
መንገዱ ተከፈተ። ከባቲ የመጣ የለም።

ታኅሣሥ 14
ኢስሃቅ ብቻውን መጣ። “ሀውራስ?” አልኩት። “ደህና ናት፣ ደሴ ናት። የጉዞዋን ነገር ልትጨርስ” አለ። ሁለተኛው ዙር ፈተና ጥር ላይ ነው አልኩት። “እስቲ አንቺው ንገሪያት” ብሎ ደወለልኝ።
“ቲቸር፣ ወረቀቱ መንገድ ላይ ጠፋ።”
የኔ አልቋል፣ ያንቺን አልነካሁም አልኳት።
“ይህን ሁሉ ጊዜ? በሠሩት ነበር...”
ወንፈል ነው አልኳት። ስልኩ ተቋረጠ።

ታኅሣሥ 21
ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ሀውራ። ከስታለች። ሰላምታውን በቅጡ ሳንጨርስ ወረቀት ለመነችኝ።
“ቪዛውስ?” አልኳት።
“ፈተናው ይለፍ። መጀመሪያ 499 ልድረስ።” ቀና እንኳ አላለችም። ለሦስት አይካፈልም። ለአምስት አይካፈልም...
እንባዬ መጣ። ድንች ልላጥ ብዬ ጓዳ ገባሁ።