ሰው ተቀምጦበት የሚጠብቅ ብሎን

ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ዓርብ ከሰዓት። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ግን አይዘንብም። ቤት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ውድ ወንድሜ ሙህሲን፣ አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላህ። እንዴት ነህ? ወገብህስ ተሻለህ? እዚያ ሳዑዲ የደማም ሙቀት ከአሁኑ በርትቷል ሲሉ ሰምቼ ሐሳቤ እዚያው ነው። ባለቤትህ ኢሽራቅ እንዴት ናት? ልጃችሁ ነቢልስ አማርኛውን ይሞክራል ወይስ ጭራሽ ረሳው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። በስልክም የምልህ ይህችኑ ነው፤ ስልኩ ሲዘጋ ያልተናገርኩት ሁሉ አፌ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ጻፍኩት።

ነገሩ ስለ አባባ ፊያት መኪና ነው። ለዓረፋ ስትመጣ እስከ አባባ መቃብር ይዞን ከሄደ እናስቀረዋለን፣ ካልሄደ ለቁራሌው ይሰጥ ብለሃል። አልፈርድብህም፤ ቆሞ ዝገት እየበላው ነው። ግን ሙህሲን፣ አባባ ካረፈ ወዲህ ጠዋት በሩን ስከፍት "እንዴት አደርክ" የምለው እሱን ነው።

ሞተሩ ይነሳል። የሞተው ክብደቱን የሚሸከመው የኋላው ባሌስትራ ነበር፤ ከተደራረቡት ብረቶች ሁለቱ ተሰብረው ቂጡ መሬት ሊነካ ደርሶ ነበር። አዲስ አይገኝለትም። በሰቃ ያለው ባሌስትራ ሠሪ ገዳ ከጭነት መኪና አሮጌ ብረት ቆርጦ፣ አግሎ፣ በልኩ አጥፎ ሠራልኝ። "እትዬ ዓሊያ፣ ይሄ መኪና አባቴን ይበልጣል፤ አንቱ እያልኩት ነው የሠራሁት" አለኝ። መግጠሙን ለእኔ ተወው አልኩት። ለአባባ ቁልፍ ሳቀብል የኖርኩት ለምኔ ነው?

ትናንት ገጠምኩት። በክሪክ አንስቼ፣ ግንድ ደግፌ፣ አሮጌውን ፈትቼ አዲሱን አስገባሁ፤ የብሎኖቹን ዳዶዎች ባለ በሌለ ኃይሌ አጠበቅኩ። ሳወርደው ቂጡን እንደሰቀለ ቀረ። ብጫነው ንቅንቅ የለም። እጄን ሳልታጠብ ገዳ ዘንድ ሄድኩ። ሳቀብኝ። "አየር ላይ እያለ ነዋ ያጠበቁት! እሱ መሬት ወርዶ፣ ሰው ተቀምጦበት ነው የሚጠብቀው። ይፍቱትና ከኋላ ሦስት ሰው አስቀምጠው እንደገና ያጥብቁት" አለ። ቀጥሎ "ቤት ሰው አለ አይደል?" ሲለኝ "ሞልቷል" አልኩት።

ዛሬ ጎማዎቹን ወፍራም ጣውላ ላይ አቁሜ ዳዶዎቹን አላላሁና ከኋላ ገብቼ ተቀመጥኩ፤ አንተ ጉልበቴ ላይ ተኝተህ ትሄድበት በነበረው በኩል። ትንሽ ዝቅ አለ። ግን የተቀመጠ ሰው ከሥር ገብቶ አያጠብቅም። ሦስት ሰው ቆጠርኩ፤ አባባ፣ እማማ፣ አንተ። ከዚያ በሰው ፈንታ እንዲከብድ ጆንያ አውጥቼ አሸዋ መሙላት ጀመርኩ። ሁለተኛው ላይ ደከመኝ።

ለኢሽራቅ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ስለላከችልኝ ሻርፕ አላህ ይስጥልኝ በላት። ነቢልን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ፤ "ከአክስትህ ነው" በለው። አብሮህ የሚሠራውን ዚያድንም ሰላም በልልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት። ፖስታውን ሳላሽግ ይህን ጨመርኩ። አሸዋውን ደፋሁት። የኢሽራቅን ሻርፕ ለብሼ የጎረቤቴን የባለሱቋን የዙለይኻን በር አንኳኳሁ፤ ዓመት ሙሉ ከሰላምታ ያላለፍኳትን። "መኪና ውስጥ ትቀመጡልኛላችሁ?" አልኳት። ምን አለች መሰለህ? "ብቻ መቀመጥ ከሆነማ የተካንበት ነው!" እናቷንና እህቷን ናዕማን ይዛ መጣች። "ሙሽራዋ የታለች?" እየተባባሉ ገቡ። መኪናው ዝቅ አለ። ከሥር ገብቼ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ አጠበቅኩ። ከላዬ እናትዬው ዙለይኻን "ጠጋ በይ፣ አንቺ ብቻሽን ሦስት ሰው ነሽ" ይላሉ፤ ናዕማ ትስቃለች። የመጨረሻው ዳዶ ጠበቀ። "ጨርሻለሁ፣ ውረዱ" ሳልል ግን ድምፃቸውን እየሰማሁ እዚያው ተኝቼ ጥቂት ቆየሁ።

እህትህ ዓሊያ
አቃቂ በሰቃ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.