ጣት ነው የዘጋው

ኢናስ፣
ውሃ ዛሬ ይመጣል፤ የጣሪያውን ታንከር ክፈቺው። የሩዙ ምግብ፣ መቅሉባው፣ ፍሪጅ ውስጥ አለ።

ክንዴ ላይ ያለውን የስኳር መለኪያ በብሉቱዝ የሚከታተለው፣ ራሴ የሠራሁት የስልክ አፕ በየጊዜው ሲጠፋ፣ ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ እየዘጋብኝ መስሎኝ ሦስት ሳምንት ኮድ ስቀያይር ከረምኩ። አንቺም "ስልክሽ አርጅቷል እኮ፣ የኔ ቆንጆ" ትይኝ ነበር።

ሰኞ ዕለት ማን እንደዘጋው የሚመዘግብ ነገር ጨመርኩበት።
ማክሰኞ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ እኔ ተኝቼ፣ "በሰው ጣት ተዘጋ" ይላል። ስኳሬ ሲወርድ ማንቂያው ያልጮኸው ለዚያ ነው።

"አሁን ገና ከሥራ መግባቴ ነው" እያልሽ ያን ሌሊት ጭማቂ ያጠጣሽኝ አንቺ ነሽ፤ ውለታሽን አልረሳም።

እህቴ ጋ ሄጃለሁ። ጩኸቱ ረብሾሽ ከሆነ ንገሪኝ፤ እኔም ድምፁን አብዝቼው ነበር፣ ይቅርታ።

ግን ስታጠጪኝ ቢጃማ ለብሰሽ ነበር።

ሱሃይር